ሙሌ የተመለሰበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ሜጋፎኑን ወሰዱብኝ። ከሥራ ስመለስ ሳሚ ብሎካችን ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ሳሚ የጋሽ ግርማ የእህት ልጅ ነው፤ ጋሽ ግርማ ደግሞ የደጋፊ ማኅበራችን ሊቀመንበር። "ኮሚቴው ነው የላከኝ፣ ፈቲ፤ እኔን እንዳትቀየሚኝ" አለ ጫማዬን እያየ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አመጣሁለት። ባትሪዎቹን ግን አውጥቼ አስቀረሁ፤ እኔ ነኝ የገዛኋቸው። ትንሽነት እንደሆነ አውቃለሁ። ደስ ብሎኛል።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሰው ላይ ነው የምጮኸው።

ሁለት የውድድር ዘመን የክለባችን አስጨፋሪ ነበርኩ። አስጨፋሪ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ካገባናቸው ጎሎች ብዙዎቹን ያየሁት በሰው ፊት ላይ ነው። ግጥሞቹንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ከኔ በፊት ካታንጋ፣ ደጋፊያችን በሚሰበሰብበት የስታዲየሙ ክፍል፣ የአስጨፋሪው ብረት ላይ የወጣች ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ስወጣ ሳቁ። በሦስተኛው ጨዋታ አብረውኝ ዘፈኑ።

ቅዳሜ ዕለት ክለቡ ሙሉጌታን አስፈረመ። ሙሌን። በፓስፖርቱ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል እያለሁ አባዬ ትከሻ ላይ ሆኜ ጎል ሲያገባ አይቼዋለሁ፤ በፓስፖርቱ ሒሳብ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው። ጺም ነበረው። በኋላ ገንዘብ ያለው ክለብ ወሰደው፣ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ከክለብ ክለብ ዞረ፣ አሁን ወደ እኛ ተመለሰ። ይመለስ። እኔን ያቃጠለኝ ለእሱ ቦታ ለማግኘት ቢኒያምን ማሰናበታቸው ነው። ቢኒያም ከታዳጊ ቡድናችን ያደገ አጥቂ ነው። ባለፈው ዓመት ከሊጉ ከመውረድ ያተረፈን የእሱ ሩጫ ነው።

ትናንት ለኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራም ደወልኩ። ስሜን ተናገርኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ፦ "የሚሮጠውን አሰናብተን ሮጦ የጨረሰውን ያመጣነው ለምንድን ነው? የወሰነውስ ማነው?" ይኸው ነው። ስድብ የለበትም። ሕግ ተምሬያለሁ፤ ጥያቄና ስድብ መለየት አያቅተኝም።

ዛሬ ሜጋፎኑ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ቲጂ በምሳ ሰዓት ቢሮዬ ድረስ፣ ሜክሲኮ አደባባይ መጣች። ቲጂ ከበሮ መቺያችን ናት፤ ጓደኛዬም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ እዚያ ነበረች። ማኪያቶዋን ሳትነካ ስትቆይ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ውሳኔው ይህ ነው፦ በዚያው ፕሮግራም ደውዬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ለሙሌም ዘፈን እንድጽፍ፣ እስከ ቅዳሜ። አለዚያ ከአስጨፋሪነት እወርዳለሁ።

ዘፈኑ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ አዲስ ተጫዋች መጀመሪያ ሜዳ ሲገባ ስሙ ያለበት ዘፈን ከካታንጋ መሰማት አለበት። ያልተዘፈነለት እንግዳ ነው። አንድ በረኛ ሳይዘፈንለት ግማሽ ዓመት ተጫውቶ፣ እዚህ ሰው አይወደኝም ብሎ ሄዷል። ረስተነው ነበር እንጂ ጠልተነው አልነበረም።

"ሌላስ?" አልኳት።

"ሌላማ የለም።"

"ቲጂ።"

ነገረችኝ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ልጅቷ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፣ ምን አጠፋች ብሎ ነበር። ጋሽ ግርማ ሳቅ ብለው፣ "ለክለቡ የምትሟገት መሰላችሁ? ለወዳጇ ነው እኮ" አሉ። ለቢኒያም ማለታቸው ነው። ሰው ሳቀ።

"አንቺስ?"

"ምን ልበል፣ ፈቲ?"

"ውሸት ነው ማለት ይቻል ነበር።"

ሒሳቡን ከፍላ ሄደች።

ከቢኒያም ጋር በሕይወቴ አውርቼ አላውቅም። ጎል ሲያገባ ወደ ካታንጋ ሮጦ ይመጣል፤ እኔ ያኔ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። መልኩን በደንብ የማውቀው ከስፖርት ጋዜጣ ነው። የደወለው ወንድ ቢሆን ኳስ ያውቃል ወይም ኳስ አያውቅም ይሉት ነበር። እኔን ግን አልጋ ውስጥ ከተቱኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር።

የምፈራው ኮሚቴውን አይደለም። አባዬን ነው። እሱና ጋሽ ግርማ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አብረው ስታዲየም የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ካታንጋ ላይ የምንዘረጋውን ትልቁን ባንዲራ የሰፋው አባዬ ነው፣ አብነት ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቁ። ወሬው በማን አፍ ይደርሰው ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ይቅርታ አልጠይቅም።

ጠዋት ቢሮ ቀድሜ ገብቼ ለኮሚቴው ጻፍኩ። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አባል ሳይሰማ አይቀጣም ይላል። ይህን የምለው ከአየር ላይ አይደለም፤ ደንቡን ሲያወጡ ያረምኩላቸው እኔ ነኝ። ጉዳዬ በጠቅላላ ስብሰባ፣ በአባላት እጅ ማውጣት ይታይ አልኩ። ስለ እኔና ስለ ቢኒያም የተናገሩትም ሰው እዚያው ቆመው ያስረዱ አልኩ። ፈርሜ ላክሁ።

ከምሳ ስመለስ የቢሮው ጥበቃ በሩ ላይ አስቆመኝ። የሬዲዮዋ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። "ሙሌን እንዲያ ብለሽ በሰላም ልትገቢ?" አለና መታወቂያዬን ተቀብሎ እንደ ቀይ ካርድ ከፍ አደረገብኝ። የሳምንቱ የመጀመሪያ ሳቄ።

ራት ላይ እማዬ ጀመረች። ኳሱ ቢቀርብኝ ምን ይጎድልብኛል፣ ባል እንደሆነ ከስታዲየም አይመጣ። ሰምታ ይሆን? ፊቷን አየሁት። አልሰማችም፤ የዘወትር ወሬዋ ነው።

አባዬ ቆይቶ፣ "ሙሌን ሮጦ የጨረሰ ማለት አልነበረብሽም" አለ።

"አልጨረሰም?"

"ጨርሷል። ግን ቤት ውስጥ የሚባል አለ፣ ሬዲዮ ላይ የሚባል አለ።"

እጁን ታጥቦ ዜና ከፈተ። የሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው? ያልሰማስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ፈቃድ ወስጄ ልምምድ ለማየት ሄድኩ። የተናገርኩትን በዓይኔ ላረጋግጥ ብዬ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ፣ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ስቤ።

ሙሌ መሮጥ አይችልም። ይህ አስተያየት አይደለም፣ የሚታይ ነገር ነው። ኳስ ከተከላካዩ ኋላ ሲጣልለት ሁለት እርምጃ ይሄድና ጉልበቱ ያስታውሰዋል። ልጆቹ "ጋሼ" ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ግን ሳቁ ከእነሱ ሳቅ ቀድሞ ያልቃል።

ሌላም ነገር አየሁ። ሳልወድ ነው የምጽፈው። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ማንም አይነጥቀውም። ደረቱ ላይ ያሳርፋታል፣ ሁለት ተከላካይ ይገፉታል፣ ግንብ ነው። ከዚያ ሳያይ ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ቦታ ይለቃታል። የምትገርም ኳስ። ባዶው ቦታ ላይ ግን የሚደርስ ሰው የለም። ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ ትወጣለች፣ አሰልጣኙ ሙሌ ላይ ይጮሃል። ደግሞ ይለቃታል፣ ደግሞ ትወጣለች፣ ደግሞ ይጮሃል።

ያ ባዶ ቦታ የቢኒያም ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይደርስባት ነበር።

እንግዲህ ግማሹን ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ ሙሌን ማምጣታቸው አይደለም። አብረው ቢሆኑ ይህ ቡድን ሰው ያስፈራ ነበር። ግንቡን ገዝተው ሯጩን አባረሩ፤ ምናልባት አንድ ቀን እንኳን አብረው ሳያሰልፏቸው።

ስለ ግማሹ ይቅርታ ልጠይቅ? ስመለስ ባቡር ውስጥ ይህን ሳስብ መጣሁ። ሙሌን ባገኘው እጠይቀው ነበር። ኮሚቴውን ግን አልጠይቅም። እነሱ ይቅርታ የሚፈልጉት ስለ ስህተቴ አይደለም፣ ስለ መጠየቄ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ወሬው ግቢያችን ደርሷል። ከብሎኩ ሥር ካለው ሱቅ ደጃፍ የሚቆሙት ልጆች ሳልፍ ዝም አሉ፤ ዝም ማለት ባህሪያቸው አይደለም። ካለፍኩ በኋላ አንዱ፣ "ለቢኒ ሰላም በይልን፣ ሙሽሪት" አለ።

ተመለስኩ። ፊቱ ድረስ ሄድኩ። ባለፈው ዓመት ከመውረድ ያተረፈንን ጎል ማን አቀበለው ብዬ ጠየቅኩት። አላወቀም። ጎረቤቱን ጠየቅኩ። እሱም አላወቀም። "ኳሱን አታውቁም፣ አልጋውን ግን ታውቃላችሁ" አልኳቸው። አንዱ "በላቻችሁ!" ብሎ ሳቀባቸው። ደረጃውን ቀጥ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ አለቀስኩ። ውኃ ከፍቼ፣ እማዬ እንዳትሰማ። ውኃው ደግሞ ጠፋ። ያለ ውኃ ጩኸት ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ ከባድ ነው።

የኮሚቴው መልስ መጣ። ጠቅላላ ስብሰባው ማክሰኞ ይደረጋል፤ እስከዚያ ታግጃለሁ፤ ይቅርታውን እስከ ቅዳሜ ካቀረብኩ ስብሰባ አያስፈልግም። ስለ ቢኒያም ስለተባለው አንድ ቃል የለም።

ከሰዓት በኋላ አባዬን ላገኘው ወደ አብነት ወረድኩ። እኔው ልነግረው፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማ። ሱቁ ጋ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ጋሽ ግርማ ተቀምጠዋል። አባዬ ማሽኑ ላይ አጎንብሷል። ጋሽ ግርማ አጎንብሰው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ። የማሽኑ ድምፅ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። አልገባሁም። ተመለስኩ።

ማታ አባዬ ገባ፣ ሰገደ፣ በላ። ምንም አላለኝም። ይህ ዝምታ ከሱቁ ደጃፍ ልጆች ዝምታ ይብሳል። እነሱን መመለስ ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

አልደወልኩም። ዘፈንም አልጻፍኩም።

ቲጂ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ የድሮውን ሊዘፍኑ ነው አለች። ራሴን ያዝኩ። የድሮው የሙሌ ዘፈን እሱ ለጋ እያለ አባቶቻችን የዘፈኑለት ነው፦

ሙሌ ተነሳ፣ ሙሌ በረረ፣
ተከላካዩ ቆሞ ቀረ።

"ያ ዘፈን ስለ ሩጫ ነው" አልኳት። "ነገ ኳስ ጥለውለት ሲቆምባችሁስ?"

"ሰዉ ይወደዋል። ትዝታ አለው።"

"የነገው ተጋጣሚ ደጋፊስ? እነሱም ግጥሙን ያውቁታል እኮ።"

"እንግዲያው አንቺ ጻፊልና!" አለች። ቲጂ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሌሊት ሁሉ ስለ ማክሰኞው እንደምታስብ፣ ከበሮውንም እንዳይወስዱባት እንደምትፈራ፣ እኔ ሥራም ዲግሪም እንዳለኝ፣ እሷ ግን በሳምንት አንድ ቀን ሰው የሚያያት እዚያ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ግቢ ስላት ሄደች።

አባዬ ነገ እንደ ወትሮው ከጋሽ ግርማ ጋር ስታዲየም ይሄዳል። ሻርፑን እማዬ ተኩሳለታለች።

እሁድ፣ ጥቅምት 26

ትኬት ገዝቼ ገባሁ፣ ብቻዬን፣ ከካታንጋ ማዶ። ጨዋታ በፊቴ ሳይ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ሜዳው ትልቅ ነው።

ከማዶ ሁሉም ይታየኝ ነበር። ሳሚ ብረቱ ላይ። ቲጂ ከበሮዋ ጋር። አባዬ ከጋሽ ግርማ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። ዓይኔን ከዚያ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሙሌ ሲገባ የድሮውን ዘፈኑለት። ካታንጋ ሁሉ። እውነቱን ልጻፍ፣ ያምር ነበር። ሽማግሌዎች ተነስተው ዘፈኑ። ሙሌ ቆመ፣ እጁን ልቡ ላይ አደረገ፣ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ከኋላ እየጣሉ ሩጥ አሉት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ተከላካዩ ከኋላው ተነስቶ ቀድሞት ሲደርስ ሙሌ ቆሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያኔ ከተጋጣሚያችን ደጋፊዎች መካከል አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ በራሳችን ዜማ፦

ተከላካዩ ተነሳ፣ ተከላካዩ በረረ፣
ሙሌ ቆሞ ቀረ።

ስታዲየሙ በሳቅ ተናወጠ። የእኛ ወገን ጸጥ አለ። ሳሚ ሜጋፎኑን አወረደ። አባዬ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ትክክል ነበርኩ። ለአንድ ሳምንት ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው፣ መጣ፣ ምንም ደስታ አልነበረውም። ይህን ሰው ያዋረደው ተጋጣሚ አይደለም። የማይችለውን የዘፈንንለት እኛው ነን።

ቀጥሎ ኳስ እግሩ ላይ መጣችለት። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀበላት፣ ሁለት ሰው ጫነው፣ አልተነቃነቀም፣ ወደ ባዶው ቦታ ለቀቃት። ማንም አልነበረም። ኳሷ ወጣች። ተሳቀ። ሙሌ ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ አየ፤ በእርግጥ ሰው የሚፈልግ ሰው አስተያየት።

ተነሳሁ። አላሰብኩበትም። ያለ ሜጋፎን፣ በእግሬ ወንበሩን እየመታሁ፦

ሙሌ ኳሱን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል፣
የሚሮጥለትን ማን አባሮታል?

አጠገቤ ያሉት እንደ እብድ አዩኝ። ደገምኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ደገምኩት። ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰው፣ "እውነቷን ነው እኮ" ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ ቀጣዩ ረድፍ። ወደ ካታንጋ ሲሻገር ሰማሁት፤ መጀመሪያ እንደ ጉምጉምታ። ከዚያ ከበሮው ገባ። ቲጂ። ጋሽ ግርማ ተነስተው አቁሚ ብለው በእጃቸው አሳዩዋት። አላቆመችም። ቀና ብላም አላየቻቸውም።

ሙሌ በደረሰው ኳስ ሁሉ ስታዲየሙ ያንን ይጠይቅ ነበር። ባዶ ለባዶ አለቀ።

ስወጣ ከተጫዋቾቹ አውቶቡስ አጠገብ ሰው ተሰብስቧል። ሙሌ ሻንጣውን ይዞ ሲያልፍ ሳሚ ወደኔ ጠቆመው። መጥቶ ፊቴ ቆመ። ቅርብ ሲሆን ሽበት አለው።

"ሬዲዮ ላይ ሽማግሌ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?"

"ሽማግሌ አላልኩም። ሮጦ የጨረሰ ነው ያልኩት።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም። ግን ልክ አልነበረም። ልምምድ መጥቼ አይቼሃለሁ። ይቅርታ።"

ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ያ የሚሮጠው ልጅ፣ ቢኒያም። አሰልጣኙን አናግሬ ላስመልሰው ነው። ቁጥሩን ስጪኝ እስቲ፣ አንቺ አታጪም ብለውኛል።"

ጋሽ ግርማ ከአጠገቡ ነበሩ። አባዬም። ኮሚቴውም በሙሉ።

"የለኝም" አልኩ። "ኖሮኝም አያውቅም። ይኖራታል ያሉህን ሰው ጠይቃቸው።"

ማንም አልሳቀም። ሙሌ ወደኔም ወደ እነሱም አየ፣ ገባው መሰለኝ፣ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ቀና ብዬ ወደ አባዬ አየሁ። ወደ አስፋልቱ ዞሯል፣ ታክሲ እየፈለገ። ከጋሽ ግርማ ጋር አብረው ገቡ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ቢኒያም ትናንት ደቡብ ላለ ክለብ ፈርሟል። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ። እኛ ስንጠይቅ እሱ እየፈረመ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ ማንንም አልመለሰም።

በምሳ ሰዓት ጋሽ ግርማ ደወሉ። ድምፃቸው ማር ነው። የትናንቱ ጥሩ ነበር፣ ሜጋፎኑን ሳሚ ማታ ያመጣልሻል፣ ይቅርታውም ይቅር፣ የነገውም ስብሰባ ይቅር፣ ሰው ለምን እናስቸግራለን አሉኝ። አመስግኜ፣ "ስለ እኔ የተናገሩትስ?" አልኩ።

"የቱን ልጄ?"

"ጋሽ ግርማ።"

"ቀልድ ነበር እኮ።"

"እንግዲያው ነገ በስብሰባው ፊት ቀልድ ነበር ይበሉ። ያኔ የሳቁትም ይስሙ።"

"አባትሽን አስቢ እንጂ" አሉኝ።

"እሱን እያሰብኩ ነው" ብዬ ዘጋሁ። ስብሰባው እንዳለ ነው። ሜጋፎኑም አልመጣም።

ቲጂ በስልክ መልእክት ላከች፦ ከኮሚቴው ሁለቱ ከእኔ ጋር ናቸው፣ የቀሩት አይታወቁም፣ አባላቱም ተከፍለዋል። እሷ እጇን ታወጣለች። ለማን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ትናንት በከበሮ ነግራኛለች።

አባዬ ሲመጣ እስኪቀመጥ አልጠበቅኩትም። ጫማውን ሳያወልቅ ሁሉንም ነገርኩት፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ እማዬ እየሰማች። እማዬ አፏን ያዘች። አባዬ ጫማውን አወለቀ፣ አንዱን ከሌላው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ።

"ዓርብ ግርማ ራሱ ነግሮኛል" አለ።

"አንተስ ምን አልከው?"

"ምንም። እሱ ሲያወራ እኔ ስሰፋ ነበር። የምሰፋውን ሱሪ አበላሸሁት።"

የነገው ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ተኩል አልኩት። እንግዲያው ሱቁን በአሥር ሰዓት እዘጋለሁ አለ።

"ለምን?"

"አባል አይደለሁም እንዴ?"

እጁን ለማን እንደሚያወጣ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ጓደኛው ነው፣ እኔ ደግሞ ልጁ ነኝ፣ እና ነገ የሚመርጠው በሰው ፊት ነው። አሁን ሳሎን ውስጥ ከእማዬ ጋር የአባልነት መታወቂያውን እየፈለጉ ነው። መሳቢያው ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።